የኋላ አሞርዛተር ይከፈታል ወይስ ይጣላል? (የቆየ ኤክስ አር 250፣ አዳማ)

የመልካሳ መንገድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሩ ሆንዳ ኤክስ አር 250 አር ነው፤ በፈረንጅ የ1997 ስሪት። የኋላ አሞርዛተሩ አንድ ሆኖ መሀል ላይ የተቀመጠ፣ ትንሽ የዘይት ጣሳ የተያያዘለት ዓይነት ነው። ዘንጉ ላይ ዘይት አለ፤ አቧራ እየተለጠፈበት ጥቁር ጭቃ ሆኗል። የኋላውን ተጭኜ ስለቀው እንደ ጋሪ ሁለት ሦስቴ ይነጥራል። አስፋልት ላይ ብዙም አይታወቅም። የገጠሩን ኮረኮንች ስይዝ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የኋላው ጎማ መሬት መያዝ ይተዋል። የታችኛውን ማስተካከያ ባጠብቀውም ባላላውም ለውጥ የለውም።

እዚህ አዳማ ሁለት ጋራዥ «ዝግ ነው፣ አይከፈትም» ብለውኛል። ሦስተኛው ደግሞ ጎኑን በስቶ ዘይት ሊሞላና በብየዳ ሊዘጋው፣ ጋዙን ከበያጅ ኦክስጅን ሊሞላው ሐሳብ አቅርቧል። ሞርሳ፣ ሙሉ መፍቻና ካሊፐር አለኝ። ይከፈታል ወይ? ምን ዕቃ ይገዛለታል? ዘይቱስ የትኛው ነው?


ሞርሳና ሞረድ፦

ከሁሉ በፊት ኦክስጅኑን እርሳው። ታምቆ የገባ ንጹሕ ኦክስጅን ዘይት ካገኘ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። በያጆች የኦክስጅን ሬጉሌተር ላይ ቅባት የማያስነኩት ለዚህ ነው። አሞርዛተር ደግሞ በዘይት የተሞላ፣ ሲሠራ የሚግል ዕቃ ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ያረጀ ጎማ ብቻ ነው። ያ ጎማ ቢቀደድ ኮርቻ ሥር የሚፈነዳ ነገር ይዘህ ነው የምትሄደው። የሚሞላው ናይትሮጂን ነው፤ ስለሱ ኋላ።

ብየዳውም አይሆንም። ፒስተኑ የሚመላለስበት ውስጠኛ ግድግዳ በጣም ልክ ሆኖ የተሠራ ነው። ጎኑ በሙቀት ትንሽ ከተጣመመ ፒስተኑ እዚያ ቦታ ላይ ይነክሳል፤ አዲስ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ዘንጉን የሚያቅፍ ጎማ) ብታስገባም በወር ውስጥ ታበላሸዋለህ። ጋዙ ሳይወጣ በመሰርሰሪያ የነካው ሰውማ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ጋራዦቹ «አይከፈትም» ያሉህ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ጎንና ጎን ሁለት አሞርዛተር ያላቸው አነስተኛ ሞተሮች ብዙዎቹ አፋቸው ተጠቅልሎ የታሸገ ስለሆነ በእውነትም አይከፈቱም። ያንተው ግን ለመከፈት የተሠራ ነው፤ የሚይዙት ሁለት የሽቦ ቀለበቶች ናቸው። አንዱ የጣሳውን ክዳን ይይዛል፣ ሌላው ዘንጉ የሚወጣበትን የሲል ቤት።

አሁን ያለበትን ችግር ከነገርከን ምልክት ስነሣ፦ መንጠሩ ዘይቱ ወይ ጎድሏል ወይ ቀጥኗል ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ መባሱ ግን ጋዙ እንደሌለ ያሳያል። ጋዙ ሥራው ዘይቱን ተጭኖ መያዝ ነው። ግፊቱ ከሌለ ፒስተኑ በፍጥነት ሲሄድ ከኋላው ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ ዘይቱ እንደ ሳሙና ይኩረፈረፋል። አረፋ ደግሞ በቀዳዳ ሲያልፍ አይከላከልም፤ ለዚህ ነው ማስተካከያውን ብታዞርም ለውጥ የማይሰማህ።

ሳትፈታው የምታደርገው አንድ ፍተሻ አለ። የጣሳውን የቫልቭ ክዳን አውጣ፣ ፊትህን አርቅ፣ ጨርቅ ሸፍነህ የቫልቩን ፒን በካቻቢቴ ጫፍ ተጫን። ደረቅ ጋዝ ከወጣ ፊኛው፣ ማለትም በጣሳው ውስጥ ጋዙን ከዘይቱ የሚለየው ጎማ፣ ደህና ነው። ዘይት ከተፋ ፊኛው ተቀዷል። ምንም ካልወጣ ጋዙ አልቋል፤ ፊኛው መቀደዱን ስትከፍተው ነው የምታውቀው።

ለመግዛት የምትፈልገው ይህን ያህል ነው፦ ኦይል ሲልና አቧራ መከላከያው፣ የሲል ቤቱ ውጫዊ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት)፣ ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቦኮላ፣ የጣሳው ክዳን ኦሪንግ፣ ካስፈለገ ፊኛው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ እንዲሁም ዘንጉ ላይ የሚሰካው የስፖንጅ መቆሚያ። ሞዴሉን ብቻ ተናግረህ አትግዛ። የዘንጉን ውፍረት ለካ፤ በዚህ ዓይነት አሞርዛተር ላይ 14 ወይም 16 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። የሲሉን የውጭ ስፋትና ቁመትም ለካና ሦስቱን ቁጥሮች ይዘህ ሂድ። አሮጌው ሲል ላይ የታተመ ቁጥር ካለ ሳታጠፋው ገልብጥ። ለአዳማ ሙቀት ቪቶን የተባለው ጎማ ካገኘህ ከተራው ይሻላል፤ ከተራው የበለጠ ግለትን ይችላል።

ዘይት 1 ሊትር ግዛ። ውስጡ የሚገባው ከግማሽ ሊትር በታች ነው፤ የቀረው ለማጠቢያና አየር ስታስወጣ ለሚፈሰው ነው። ቆርቆሮው ላይ «ለአሞርዛተር» የሚል 2.5 ወይም 5 ቁጥር ይሁን። ቁጥሩ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ የአንዱ ፋብሪካ 5 የሌላው 10 ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ በ40 ዲግሪ ያለው ውፍረት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሴንቲስቶክ ይባላል። ለዚህ ሥራ 15 አካባቢ የሆነ ፈልግ። የሞተር ዘይት 15 ደብሊው 40 በዚሁ ሙቀት ከ100 በላይ ነው። እሱን የሞላህለት አሞርዛተር ጠዋት ጠዋት እንደ ዱላ ይደርቃል።

አፈታቱ። ከመንካትህ በፊት ሁለት ነገር ጻፍ። የታችኛውንና የላይኛውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው እያጠበቅህ ስንት ጠቅታ እንደሄደ ቁጠር፤ ሞላው ተወጥሮ ያለውን ርዝመት ለካ። ከዚያ ሞተሩን ከወገቡ ሥር አስደግፍና የኋላ ጎማው ይንጠልጠል። የላይኛውንና የታችኛውን ብሎን አውጥተህ አሞርዛተሩን አውርድ፤ በናፍጣና በሳሙና እጠበው። አንድ ፍሬ አሸዋ ውስጥ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

የሞላውን መቆለፊያ ዳዶ ካላላህ በኋላ ማወጠሪያውን እስከ መጨረሻ አላላ። ብዙ ጊዜ ያኔ ሞላው ራሱን ይለቅና ከሥሩ ያለው የተሰነጠቀ ቀለበት በጎን ይወጣል። ካልወጣ የሞላ መጭመቂያ ያስፈልግሃል፤ በገመድና በሽቦ አትሞክረው።

ቀጥሎ ጋዙን ጨርሰህ አውጣ፣ ፒኑንም ነቅለህ አስቀምጥ። የጣሳውን ክዳን በእንጨት ወደ ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ያህል ግፋው፤ የሽቦ ቀለበቱ ይታያል። በቀጭን ካቻቢቴ አንዱን ጫፍ አንሣና አውጣው። ክዳኑን ለማውጣት የቫልቩን ጥርስ በፒንሳ ይዘህ እያወዛወዝህ ሳብ፤ ፊኛው አብሮ ይመጣል። ዘይቱን በዕቃ ተቀበል። ብርማ ብናኝ ካየህ ፒስተኑ ወይም ግድግዳው እየተበላ ነው፤ ጥቁርና የሚሸት ብቻ ከሆነ እርጅና ነው።

የሲል ቤቱም በዚሁ መንገድ ይፈታል። የላዩን የቆርቆሮ ክዳን ዙሪያውን በዝግታ እየመታህ አንሣ፣ የሲል ቤቱን ወደ ውስጥ ግፋ፣ ቀለበቱን አውጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ቀለበቱ የተቀመጠበት ቦይ ጠርዝ ላይ ቀንድ የመሰለ ሹል ይኖራል፤ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ካላጠፋኸው ስታወጣ የፒስተኑን ቀለበት፣ ስታስገባ አዲሱን ኦሪንግ ይቆርጥብሃል። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ሳበው።

እዚህ ድረስ ከደረስክ ያገኘኸውን ጻፍልን።


የመልካሳ መንገድ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቫልቩን ስጫን ምንም አልወጣም። ከፍቼዋለሁ። ፊኛው አልተቀደደም፤ አየር ነፍቼ ውሃ ውስጥ ስነክረው አረፋ የለም። ዘይቱ የቡና አተላ መስሏል፣ ብናኝ ግን አላየሁም። ዘንጉ 16 ሚሊሜትር ነው። ከመሀሉ ዝቅ ብሎ በጥፍር የሚሰማ ሁለት ጭረት አለው። የሲል ቤቱን ከዘንጉ ለማውጣት ፒስተኑን የያዘውን ዳዶ መፍታት ይኖርብኛል፤ ዳዶው ግን ጫፉ ተመትቶ የተዘጋ ነው። አንድ ወዳጄ ዘይቱ ካልተገኘ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ቀዩን፣ ሙላበት ይላል።


ቶርኖ ሰፈር፦

ዳዶው ላይ ግድ የለም፤ ፋብሪካው እንዳይላላ ብሎ የዘንጉን ጫፍ መትቶ ነው። የተመታውን ጠርዝ በሞረድ ወይም በግራይንደር ከዳዶው ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ አስወግድ። ዘንጉ ውስጡ ባዶ ነው፣ የመመለሻ ማስተካከያው መርፌ በመሀሉ ያልፋል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በግሪስና በጨርቅ ድፈን፣ ብናኝ እንዳይገባበት። ሞርሳው ላይ ዘንጉን ራሱን አትያዝ። በዘንጉ ግርጌ ያለውን ሹካ መሰል ጫፍ በእንጨት ወይም በአሉሚኒየም ጉንጭ ያዝ።

ዳዶው ከወጣ በኋላ የሚመጣው ክምር ስስ ሮንዴላ የአሞርዛተሩ አእምሮ ነው። ከዳዶው በኩል ያለው ክምር መመለሱን ይቆጣጠራል፤ ከፒስተኑ ወዲያ፣ በሲል ቤቱ በኩል ያለው መታመቁን። ስትነቅል አንድ በአንድ አይደለም፤ ዘንጉን ወደ ታች አድርገህ ክምሩን እንዳለ በረጅም ካቻቢቴ ላይ አንሸራትተውና በሽቦ እሰረው። ፒስተኑ የትኛው ፊቱ ወደ ዳዶ እንደነበር ፎቶ አንሣ። ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ሲወርድ ድንጋይ፣ ሲመለስ ጎማ ይሆናል።

ከሮንዴላዎቹ አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢጎብጥ «ተቀራራቢ ነው» ብለህ ሌላ አታስገባ። ውፍረታቸው 0.10፣ 0.15፣ 0.20 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ለዓይን ኢምንት ነው፤ የሮንዴላ ጥንካሬ ግን በውፍረቱ ኩብ ነው የሚጨምረው። ባለ 0.20ው ከባለ 0.10ው እጥፍ አይደለም የሚጠነክረው፣ 8 እጥፍ ነው። እያንዳንዱን መስታወት ላይ አስተኛና በጣትህ ዳስ፤ ከተንቀጠቀጠ ጎብጧል።

ጭረቱን በተመለከተ፦ በጥፍር የሚሰማ ከሆነ ሁለት ነገር ለይ። ከላይ የወጣ ሹል ነው ወይስ የተቆፈረ ጉድጓድ? ሹሉ ነው ሲል የሚቆርጠው። በጥሩ የዘይት ድንጋይ አውርደው፤ ከዚያ 1000 ቁጥር፣ ቀጥሎ 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርጥበህ በዘንጉ ዙሪያ አዙር። ወደ ላይ ወደ ታች አትፈግ፤ በርዝመቱ የሚሄድ መስመር ለዘይት ቦይ ይሆነዋል። ጥልቅ ያልሆነ ጉድጓድ ቢቀር ትንሽ ያልበዋል እንጂ ሲሉን አይገድለውም። ክሮሙ ከተላጠና ሥሩ ቡናማ ዝገት ከታየ ግን ማለስለስ ዋጋ የለውም፤ ዘንጉ በጠንካራ ክሮም እንደገና መለበጥና በልኩ መሞረድ አለበት፣ ወይም ሌላ ዘንግ ይፈለጋል። ጌጥ ክሮም ለዚህ አይሆንም፤ ስስ ነው፣ ይላጣል። ዘንጉ ቀጥ ማለቱንም ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ አንከባለህ እይ፤ ከሥሩ ብርሃን እየመጣ እየሄደ ከሆነ ጎብጧል።

ቦኮላውን አደራ። ሰው ሲል ብቻ ይቀይርና በሁለት ወር ዘይት መልሶ ይወጣል፤ ጥፋቱ የሲሉ ይመስላል። ቦኮላው ውስጡ ግራጫ መሆን አለበት። ነሐስ መልክ ብቅ ካለ ግራጫው ልባስ አልቋል፤ ዘንጉ በጎን ይወዛወዛል፣ ሲሉም አብሮ ሲወዛወዝ ከንፈሩ ይከፈታል። በእኛ አካባቢ አቧራ ነጭ የእሳተ ገሞራ ትፍ አለበት፤ እሱ የተፈጨ ብርጭቆ ማለት ነው። የአቧራ መከላከያው ከንፈር ከደረቀ ቀድሞ የሚበላው ቦኮላውን ነው።

አገጣጠም ላይ፦ ሲሉ ትንሿ ሞላ ያለችበት ፊቱ ወደ ዘይቱ ይሁን። የዘንጉን ጫፍ ጥርስ በስስ ፌስታል ጠቅልለህ፣ ዘይት ቀብተህ የሲል ቤቱን አሳልፍ። ከሱ በፊት የስፖንጅ መቆሚያውን ማስገባት እንዳትረሳ፤ ሌላ ጊዜ ለማስገባት እንደገና ሁሉን መፍታት ነው። እንዲህ የቆየ ስፖንጅ በጣት ከተፈረፈረ አትመልሰው።

የፒስተኑን ዳዶ አዲስ አግኝለት፤ ካልተገኘ ጥርሱን አጽድተህ ሎክታይት (ዳዶ እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ቀባ። ባለ 12 ሚሊሜትር ጥርስ ከሆነ 30 ኒውተን ሜትር በቂ ነው። ቶርክ መፍቻ ከሌለህ ከዳዶው መሀል 30 ሴንቲሜትር ርቆ መፍቻው ላይ በእጅ ሚዛን 10 ኪሎ ስትስብ እዚያው ነህ። አብልጠህ ካጠበቅህ ሮንዴላዎቹ ይጎብጣሉ፤ ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

የካምቢዮ ቀዩ ዘይት በ40 ዲግሪ ከ30 ሴንቲስቶክ በላይ ነው፤ ለዚህ ከሚፈለገው እጥፍ ገደማ። ሞተሩን አያቆመውም፣ ሲሎቹንም አይጎዳም። ግን መመለሱ ይዘገያል፤ ተከታታይ ጉብታ ላይ አሞርዛተሩ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፣ እያጠረ እያጠረ ይሄዳል። ማስተካከያውን እስከ መጨረሻ ብታላላውም ላታካክሰው ትችላለህ። ትክክለኛው ዘይት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት መጠበቅ ይሻላል።


ሞርሳና ሞረድ፦

በካምቢዮ ዘይቱ ትንሽ እለያለሁ። ዕቃ ጭኖ በዝግታ ለሚሄድ ሞተር እሱን ሞልተው ዓመት የሚነዱ አሉ፤ የሞተር ዘይት ከመሙላት መቶ ጊዜ ይሻላል። ለኮረኮንች ፍጥነት ግን የተባለው ልክ ነው።

የተረሳ ነገር ልጨምር። የዘንጉ የታችኛው ጫፍ፣ ማስተካከያው ጋ፣ ዘይት ካየህ ያ የሲል ጉዳይ አይደለም፤ በዘንጉ ውስጥ ባለው መርፌ ላይ ያለች ትንሽ ኦሪንግ ናት። ዳዶው ወጥቶ ሳለ መርፌውን ጎትተህ አውጣና ቀይራት። ጎማ ዕቃዎቹን ደግሞ በቤንዚን አትጠብ፣ ያብጣሉ። ብረቱን በቤንዚን፣ ጎማውን በአዲሱ ዘይት።


ቀዝቃዛ ጋዝ፦

የፍሪጅና የኤሲ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ስለ ጋዙ ልመልስ። ናይትሮጂን አዳማ ውስጥ አለ፤ ኤሲ የሚገጥሙ ሰዎች ቱቦ የሚፈትሹት በሱ ነው። ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆን 150 ባርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ያለ ሬጉሌተር ፈጽሞ አይገናኝም። የኤሲው ቱቦ አፍ ከአሞርዛተሩ ቫልቭ ጋር አይገጥምም፤ የአሞርዛተሩ የጎማ ቫልቭ ዓይነት ነው። ስለዚህ አንድ ጎሚስታ የሚጠቀምበትን በጥርስ የሚታሰር የመንፊያ አፍ ቱቦው ላይ አስገጥመህ ሂድ።

ጋዙ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ አየር አወጣጡ ልክ ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

አሞርዛተሩን በላይኛው ዓይኑ ሞርሳ ላይ ያዝ፣ አፉ ወደ ላይ። የጣሳውም አፍ ወደ ላይ ይሁን። የመታመቂያውን (የላይኛውን) ማስተካከያ እስከ መጨረሻ አላላ፤ ዘይት በነጻ ይለፍ። ዘይት በዝግታ ሙላ፤ ቱቦው ወይም መተላለፊያው ዘይት ወደ ጣሳው ሲያሳልፍ አረፋ ይወጣል፣ አረፋው እስኪቆም ጠብቅ። አካሉን በመዶሻ እጀታ እየነካካህ 10 ደቂቃ ተወው። ዘይት ሲቆም አየሩ ራሱ ይወጣል፤ ብትናጠው ግን ትቀላቅለዋለህ።

ከዚያ ፒስተኑን አስገባ፤ ቀለበቱን በጣትህ ጨምቀህ፣ ቀጥ አድርገህ። ጠልቆ ከገባ በኋላ በአጭር እርምጃ፣ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር፣ ወደ ታች ቶሎ ወደ ላይ ቀስ እያልህ 15፣ 20 ጊዜ አንቀሳቅስ። ወደ ላይ ስትስበው ፒስተኑ ከዘይቱ ገጽ በላይ አይውጣ፤ ከወጣ ከመጀመሪያው ጀምር። አረፋ ሲያልቅ ዘይቱን እስከ አፉ ሙላና የሲል ቤቱን ከገጹ ጋር አገናኝተህ ግፋ። ትርፍ ዘይቱ ዙሪያውን ይፈሳል፣ ይፍሰስ። የሽቦ ቀለበቱን አስገባና የሲል ቤቱን እስከ ቀለበቱ መልሰህ ሳበው። ቀለበቱ ዙሪያውን በሙሉ ቦዩ ውስጥ መቀመጡን በዓይንህም በካቻቢቴም አረጋግጥ።

አሁን ፊኛው። እዚህ አንድ ሕግ አለ፦ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሳለ ነው የሚገባው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። 16 ሚሊሜትር ዘንግ የገጹ ስፋት 2 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። 11 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ 22 ሚሊ ሊትር ዘይት ቦታ ይለቃል፤ ያ ዘይት የሚሄደው ወደ ጣሳው ነው፣ ቦታ የሚሰጠው ፊኛው ነው። ፊኛው ቅርጹን ሳይይዝ፣ ተጨማድዶ ከገባ ዘይት በዝቷል ማለት ነው፤ ዘንጉ መግባት ሲኖርበት ቦታ ያጣል፣ ወይ ክዳኑን ወይ ሲሉን ይገፋል። ዘንጉ በከፊል ገብቶ ሳለ ከዘጋኸው ደግሞ ዘይት ያንሳል።

ጣሳውን እስከ አፉ ሙላ፣ ፊኛውን ዘይት ቀብተህ ጎን ለጎን እያዘነበልህ አስገባ፤ ሥሩ አየር እንዳይዝ። የቫልቩ ፒን የወጣ ይሁን። ክዳኑን ከቦዩ በታች ግፋ፣ ቀለበቱን አስገባ። ፒኑን መልሰህ በእጅ ፓምፕ 1 ባር ያህል ንፋ፤ ክዳኑ ተመልሶ ቀለበቱ ላይ ጠቅ ብሎ ይቀመጣል። ካልተቀመጠ ወይም በአንድ በኩል ካዘመመ አየሩን አውጥተህ እንደገና። ከፍ ያለ ግፊት ከዚህ ማረጋገጫ በፊት አይሞላም።

ከዚያ ዘንጉን ግፋ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ክብደት ሊሰማህ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ባዶ ገብቶ ከዚያ ከያዘ፣ ወይም ውስጡ ከተንጫጫ አየር ቀርቷል። ጋዝ ይህን አይሸፍንልህም።

ናይትሮጂኑ 10 ባር። ፊኛው የሚይዘው ጋዝ ከቡና ስኒ ብዙም ስለማይርቅ በጎማ መለኪያ «ልየው» ብለህ ስትሰካ ቱቦው ራሱ ጥቂት ይጠጣበታል፣ ስትነቅል ደግሞ ጥቂት ይተነፍሳል። ስለዚህ ሬጉሌተሩን 11 ላይ አድርገህ ሙላ፣ ንቀል፣ ሌላ አትሰካ። ማረጋገጫው ሚዛን ነው። ሞላው ሳይገባ አሞርዛተሩን የቤት ሚዛን ላይ ዘንጉን ወደ ታች አቁመህ ከላይ ቀስ ብለህ ተጫን። 10 ባር በ2 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 20 ኪሎ ነው፤ ዘንጉ መግባት የሚጀምረው ሚዛኑ 20 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ሲያሳይ ነው፣ የሲሉ ጉተታ ስለሚጨምር። ስትለቀው ራሱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። በማግስቱ ደግመህ ለካ፤ ከወረደ ቫልቩን በሳሙና አረፋ እይ።

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየርስ? ናይትሮጂን እስኪገኝ ለመፈተሽ ይሆናል። ፊኛው ስለሚለየው ዘይቱን አያስኩረፍርፍም። ግን አብዛኛው 8 ባር ላይ ያቆማል፣ እርጥበትም አለው፤ ሲግል ግፊቱ ይዋዥቃል፣ ጎማውንም ከውስጥ ያስረጀዋል።


የመልካሳ መንገድ፦

ሁሉም በተባለው መሠረት ተገጥሟል። ሚዛኑ 22 ኪሎ ላይ ነው መግባት የጀመረው፣ በማግስቱም ያው። ሞላውን በጻፍኩት ርዝመት መልሼዋለሁ። መንጠሩ ጠፍቷል። አሁን ግን ልኬቱ ግራ አጋባኝ። ከኋላ ጎማ ዘንግ እስከ ጭቃ መከላከያው ላይ ያደረግሁት ምልክት፦ ጎማው ተንጠልጥሎ 610 ሚሊሜትር፣ ሞተሩ ብቻውን ቆሞ 598፣ እኔ ተቀምጬበት 515። ሞላው ደክሟል ማለት ነው?


ቶርኖ ሰፈር፦

አንተ ስትቀመጥ 95 ሚሊሜትር ወርዷል። የኋላ ጎማው በሙሉ ከሚወጣ ከሚወርድበት ርዝመት ሲሶ ስለሆነ ጥሩ ነው። ሞተሩ ብቻውን ግን 12 ብቻ ነው የወረደው፤ ከ25 እስከ 40 ነበር የሚጠበቀው። ወረቀት ላይ ሲታይ ይሄ «ሞላው ለክብደትህ ለስላሳ ነው፣ በብዙ መወጠር ነው ያቆምከው» የሚል ትርጉም አለው።

ሞላ ከመግዛትህ በፊት ግን ሁለተኛውን ልኬት ሁለት ጊዜ ውሰድ። መጀመሪያ የኋላውን በእጅህ ከፍ አድርገህ ቀስ ብለህ ልቀቅና ለካ። ከዚያ ተጭነህ ዝቅ አድርገህ ቀስ ብለህ ልቀቅና ለካ። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ የሚይዝህ ሞላው አይደለም፣ የሆነ ነገር እየነከሰ ነው።


የመልካሳ መንገድ፦

ከላይ ስለቀው 598፣ ከታች ስለቀው 571።


ቶርኖ ሰፈር፦

27 ሚሊሜትር በጣም ብዙ ነው፤ ከ10 ማለፍ አልነበረበትም። ማገናኛው ነው። የአሞርዛተሩን ታችኛ ጫፍ የኋላ ጎማውን ከሚይዘው ከኋላ ሹካው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ውስጥ በመርፌ የተሠሩ ኩሽኔታዎች አሉ፤ መሬት ቅርብ ስለሆኑ ውሃና አቧራ መጀመሪያ የሚያገኛቸው እነሱን ነው። የአሞርዛተሩን የታች ብሎን አውጣና የኋላ ሹካውን ብቻውን በእጅህ አንሣ፣ ጣል። ከዚያ ክንዱን ብቻውን አወዛውዝ። የትኛው እንደሚንቋቋ ወዲያው ይሰማሃል።

ውስጡን ስትፈታ መርፌዎቹ ተዘርግፈው እንዳይጠፉ ሰፊ ትሪ ሥር አድርግ፤ ከአንዱ ኩሽኔታ የወጣውን ከሌላው አታደባልቅ፣ ቁጥራቸውንም ጻፍ። ቦኮላው ላይ በጥፍር የሚሰማ የመርፌ አሻራ ካለ ኩሽኔታውም ቦኮላውም አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ መቀየር አዲሱን ማበላሸት ነው። ዝገት ብቻ ከሆነ በላምባ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ውሃ የሚቋቋም ግሪስ በመርፌዎቹ መካከል በጣት እየገፋህ ሙላ። ሲሎቹ ከንፈራቸው ወደ ውጭ ይሁን፤ የሚከለክሉት ቆሻሻ እንዳይገባ ነውና። ብሎኖቹን የምታጠብቀው ሞተሩ በጎማው ላይ ቆሞ ነው።

ከዚያ ሦስቱን ልኬት ከመጀመሪያው ውሰድ። የተቀመጥክበት ቁጥር ይለወጣል፤ ሞላውን እንደገና 95 ላይ እስክትመልሰው አስተካክልና ሞተሩ ብቻውን ስንት እንደወረደ ያኔ ንገረን። ከ20 በታች ሆኖ ከቀረ፣ ስለ ሞላው እናወራለን።


ሞርሳና ሞረድ፦

የኋላ ሹካው ወርዶ ሳለ የአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰርበት፣ ጫፉን ቆርጠህ። ነድተህ ስትመለስ ምን ያህል እንደታመቀ ያሳይሃል። የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላም ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ስስ የዘይት ጥላ ቢኖር ጤናማ ነው፣ ሲሉ የሚረጥበው በሱ ነው። ጠብታ ወይም ቀለበት ሠርቶ የቆመ ዘይት ካየህ ሲሉ ሲገባ ጥርሱ ቆርጦታል።